አብዶሽ፣ ባለ መስኮቱ

ፋጡማ የሰው ሞት ስትነግር ጫማዋን አታወልቅም። በር ላይ ቆማ ትናገራለች፤ የሰማው ሰው ሲቀመጥ ካየች በኋላ ነው የምትገባው። ባለፈው ሐሙስ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ ድረስ በባጃጅ መጥታ እንዲሁ በር ላይ ቆመች።

«ብርቄ፣ አብዶሽ ሞተ» አለችኝ።

«የትኛው አብዶሽ?»

ድሬ ዳዋ ውስጥ አብዶሽ ብላችሁ ብትጣሩ የመንገዱ ግማሽ ዞር ይላል። ሥጋ ሻጩ አብዶሽ አለ፣ ባለ ጋሪው አብዶሽ አለ፣ ከዚራ ሰፈር ብስክሌት የሚጠግነው አብዶሽ አለ።

«ባለ መስኮቱ» አለች።

ተቀመጥኩ። እሷም ጫማዋን አውልቃ ገባች።

በዚህ ዕድሜ ሞት መስማት ብርቅ አይደለም። ስሰማ ነፍስ ይማር እላለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ተመልሼ ሥራዬን እሠራለሁ። ይሄኛው ግን ቤት ውስጥ ቀረብኝ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ተነስቼ ማሰሮው አጠገብ ቆሜ የተነሳሁበትን እረሳለሁ። ድምፁ ነው የሚመጣብኝ። ከዚያ መስኮት ኋላ የሚወጣው፣ ትንሽ የጎረነነው፣ ሰውን የማያስቸኩለው ድምፁ።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ለገሃሬ ሰፈር ነበር፤ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ የተወረሰ ቤት ነው። በረንዳው ላይ አንድ ሰፊ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ኋላ አብዶሽ ይቀመጣል። ሰልፉ በረንዳውን ወርዶ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ይጠማዘዛል። ጥላው ሲዞር ሰልፉም አብሮ ይዞራል። በዚያ መዞር ላይ ነው ጠቡ ሁሉ። «እኔ ከአንተ በፊት ነበርኩ!» «አንቺማ ዛፉን ዞረሽ የመጣሽ ነሽ!» ያኔ አብዶሽ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ሰልፉን አንድ ጊዜ ያይና «አቦ ተዉ፣ ባለ ቀይ ሻሿ ናት ቀዳሚ፣ ቀጥሎ ባለ ዱላው» ብሎ ይመለሳል። ማን ከማን ቀጥሎ እንደመጣ እንዴት እንደሚይዘው አላህ ይወቅ። ተሳስቶ ግን አላየሁትም፤ ለሚያውቀው ሰው ብሎ ተራ ሲያስቀድምም አላየሁም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ቆሜ ነው የምጠብቀው።

ቀጭን፣ ረዥም፣ የጢሙ ጫፍ በሂና የቀላ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሰርዲን ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ እርጥብ ጨርቅ፤ ጣቱን እዚያ እያስነካ ነው ወረቀት የሚገልጠው። ማኅተም ከመታ በኋላ እንደ ትኩስ ሻይ እፍ ይልበታል። በዚያ ሙቀት ቀለሙ ራሱ መድረቁ አይቀርም ነበር፤ እሱ ግን ሳይደርቅ ለሰው አይሰጥም። «እጅሽን ካበላሸ እኔን ነው የምትረግሚው» ይላል።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «እርስዎ» አልኩት። ከወንበሩ ዞር ብሎ ኋላውን አየ።

«ማንን ነው የምታናግሪው?»

«እርስዎን ነዋ።»

«አቦ አንተ በይኝ! አንቱ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።»

ከዚያ ወዲህ አንተ ነው።

ለኦሮሞው «ማል ባርባዳ?» ይላል፤ ለሶማሌዋ «መሃድ ረብታ?»፤ ለእኛ ደግሞ «ዛሬ የመጣሽው ለየትኛው ነው?» ሦስቱም ምን ፈለግሽ ማለት ነው። ግን ይሄ ጥያቄ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም፤ ታሪክ አለው።

ወረቀት የጠፋበት ዘመን ነበር። ቀበሌው ወረቀት ለመቆጠብ አራት ጉዳይ አንድ ገጽ ላይ አጨቀ። በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ገጽ ነው። ከላይ የቤተሰብ ምዝገባ፣ ቀጥሎ የኅብረት ሱቅ ራሽን፣ ቀጥሎ የይለፍ ወረቀት፣ ታች ደግሞ የቤት እድሳት። ከሁሉም ሥር አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ነው የሚያውቀው። ለስኳር የመጣች ሴት «የጣሪያሽን ቆርቆሮ ሁኔታ አልሞላሽም» ተብላ ትመለሳለች። ጣሪያው የሚያፈስበት ሽማግሌ የራሽን ቁጥሩ ተዛብቷል ተብሎ ክረምቱን በዝናብ ይቀመጣል። አንዱ ከጎደለ ሁሉም ይወድቃል።

ሁሉንም የሞላ ሰው ደግሞ የባሰ ጣጣ ገባ። ፋጡማን ጠይቋት። ስኳር ነበር የፈለገችው። ባዶ ቦታ ካለ ይመልሱኛል ብላ ፈራችና ማመልከቻ ጸሐፊውን ሁሉንም ሙላልኝ አለችው። ይለፉ ላይ ሲደርስ «ወዴት ልበል?» አላት። «ባዶ ከሚሆን ሐረር በል» አለች። ማኅተሙ ተመታ፤ ማኅተሙ አንድ ስለሆነ ለሁሉም ተመታ። ስኳሯን ወስዳ ጨርሳ፣ ነገሩን ረስታ ሳለ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ቤቷ መጡ።

«ሐረር ሄደሽ መመለስሽን ለምን አላስታወቅሽም?»

«የምን ሐረር? እኔ ከመጋላ ገበያ አልፌ አላውቅም!»

«ይለፍ ወጥቶልሻል። ካልሄድሽ ታዲያ በስምሽ ማን ሄደ?»

«ወላሂ ስኳር ነው የጠየቅኩት!» እያለች እስከ ቀበሌ ድረስ አለቀሰች። አብዶሽ ነው ተከራክሮ ያስለቀቃት። እሷን ግን እስከ ዛሬ ሐረር የሚል ስም ስትሰማ ስኳር ስኳር ይላታል እያልን እናበሽቃታለን።

አብዶሽ ከቀበሌው በፊት ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል ሠርቷል። «አንድ ባቡር ላይ የተጫነ ሁሉ አንድ ጣቢያ አይወርድም» ይል ነበር። ከፋጡማ ጣጣ በኋላ የራሱን አሠራር አወጣ። ወረቀቱን ከመቀበሉ በፊት ለየትኛው እንደመጣችሁ ይጠይቃል። የጠየቃችሁትን ክፍል በእርሳስ ይከበዋል፤ ማኅተሙን ከገጹ ሥር ሳይሆን ከዚያው ክፍል ጎን ይመታል። በቀሩት ሦስቱ ላይ አንዳንድ መስመር ይሰምርና «አልተጠየቀም» ብሎ ይጽፋል። በቃ። ለስኳር የመጣ ስኳሩን ይዞ ይሄዳል፤ ጣሪያውን ማንም አያነሳበትም። ሰልፉ ስላጠረ ሊቀመንበሩም መጀመሪያ ነገሬ አላለውም።

የልጅ ልጄ አሁን ለመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ገጽ ትሠራለች። አንድ ቀን ማሽኗን ይዛ ቤቴ መጥታ ትነጫነጫለች። ምን ሆንሽ ብላት፣ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ፎርም አድርጊ ተብያለሁ፤ ሰው አንዱን ሞልቶ ሲልክ ሌላው አልተሞላም ብሎ ይመልሰዋል፤ የቱን ቁልፍ እንደተጫነ ለይቶ የዚያን ብቻ እንዲቀበል ማድረግ አለብኝ አለችኝ። የአብዶሽን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ግን እጆቿ መጻፍ ጀመሩ። እሷ ያኔ ገና አልተወለደችም። የእኔም ጉዳይ የመጣው በእሷ መወለድ ነው።

ባሌ ግርማ ባቡር ላይ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን ጅቡቲ ሄደና ባቡሩ ያለ እሱ ተመለሰ። ለምን ሸሽቶ እንደቀረ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። ቀበሌው ስማችንን «በማጣራት ላይ» ከሚሉት ውስጥ አስገባው፤ የአባወራው ሁኔታ እስኪታወቅ የዚያ ቤት ወረቀት አይፈረምም ተባለ። በአብዶሽ አሠራር ራሽኔን ሳላጣ ቆየሁ። ስኳርና ይለፍ ግን አንድ አይደሉም።

ልጄ ሰናይት በጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ባለችው አይሻ ከተማ ነበር ያገባችው፤ ባሏ እዚያ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ በባቡር ሰው «እናቴ ትድረስልኝ» ብላ ላከች። አማት የላት፣ እህት የላት። ያለ ይለፍ ደግሞ ኬላው ላይ ከባቡር ያወርዱኛል። ሮጬ ሄድኩ።

«ዛሬ የመጣሽው ለየትኛው ነው?» አለኝ።

«ለይለፍ።»

«ወዴት?»

«አይሻ። ሰናይት ልትወልድ ነው።»

እርሳሱን አስቀመጠ። «አይሻ» አለ ቀስ ብሎ። ከአይሻ አልፎ ድንበሩ ደወሌ ነው፤ ከደወሌ አልፎ ጅቡቲ። ባሌ የቀረበት መንገድ ነው። «ከዚህ ቀረብ ያለ ቦታ መውለድ አልቻለችም?»

«ሆዷን ጠይቃት።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ይለፉን ክፍል በእርሳስ ከበበው፣ ሌሎቹ ላይ አልተጠየቀም ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ይለፍ ያለ ሊቀመንበሩ ፊርማ አይወጣም።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በእጁ ይዞ በረንዳው ላይ ወጣ። ወጣት ነው፣ ክፉ አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር። የሚፈራ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ከክፉው ይብሳል።

«የመጀመሪያው ክፍል፣ የቤተሰብ ምዝገባው፣ ባዶ ነው» አለ።

«ባዶ አይደለም» አለ አብዶሽ ከኋላው። «አልተጠየቀም ይላል።»

«እኔ እጠይቃለኋ! ባሏ የት ነው?»

«ጠይቅ ጓድ ሊቀመንበር። በራስህ ወረቀት ጥራት፣ ቀን ቁረጥላት፣ ትምጣና ትመልስልህ። ይሄ ግን የእሷ ወረቀት ነው። በእሷ ወረቀት ላይ ጠያቂዋ እሷ ናት።»

ከኋላዬ የቆመች አንዲት ሶማሌ ወተት ሻጭ «ዋ ሩን» አለች፤ እውነት ነው ማለቷ ነው። ሊቀመንበሩ ዞሮ አያት። እሷም የወተት ዕቃዋን እንዳቀፈች መልሳ አየችው።

«በዚያው ወደ ባሏ ብትቀርስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«ትመለሳለች።»

«ዋሷ ማነው?»

«እኔ» አለ አብዶሽ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «ዋስ አልፈልግም!» አልኩ። «ምን ሰርቄ ነው ዋስ የምጠራው? ባሌ የሠራውን ባሌን ጠይቁት! ልጄ ስትወልድ ላያት ብዬ ሰው በእኔ ምክንያት ይታሰር? ይሄ ፍርድ ነው?»

«ብርቄ፣ ዝም በይ።»

«አልልም! ፍርድ ነው የምፈልገው!»

አብዶሽ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረኝ። «ፍርዱ ሌላ ማመልከቻ ነው። እሱን ሌላ ቀን ይዘሽ ነይ፣ ወላሂ እቀበልሻለሁ። ዛሬ የመጣሽው ለይለፍ ነው። ፍርድ ይቆይልሻል፤ ልጅሽ ግን አትቆይልሽም።»

አፌን ዘጋሁ። እኔን ዝም ማሰኘት እናቴም አባቴም አልቻሉም፤ ባሌም አልሆነለትም።

ሊቀመንበሩ ፈረመ። አብዶሽ ከሥሩ ስሙን ጻፈ፤ ካልተመለስኩ በእኔ ቦታ እሱ ይጠየቃል የሚል ቃል ነው። ማኅተሙን መታ፣ እፍ አለበትና ሰጠኝ።

አይሻ ደረስኩ። ምጡ ክፉ ነበር። አንዲት የአካባቢው አዋላጅ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ደግፌያት፣ ሰናይት እጄን ነክሳ ወለደች። ጥርሷ ያረፈበት አሁንም አለ። ሴት ልጅ ወጣች፤ ስትወጣ አላለቀሰችም፤ አዋላጇ በእግሯ ዘቅዝቃ መታ መታ ስታደርጋት ነው የጮኸችው። እኔ ባልደርስ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማሰብ አልወድም።

ሰናይት ከወሊዱ መነሳት ስትጀምር አንድ የባቡር ሰው ውሃ መቅጃው ላይ አገኘኝ። የግርማ ባልንጀራ ነው።

«ግርማ እዚህ መሆንሽን ሰምቷል» አለኝ። «ደወሌ ላይ የሚቀበልሽ ሰው አዘጋጅቷል፤ በሚመጣው ባቡር ነይ ብሎሻል። ቤት ተከራይቷል። የአልጋውን ብረት ሰማያዊ ቀብቶታል፣ ይሄን ሳትረሳ ንገራት ብሎኛል።»

ሰማያዊ እንደምወድ ግርማ ነው የሚያውቀው። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ቆሜ አየሁት። የቀሩት ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል፤ ሰናይት ተገላግላለች። ድሬ ዳዋ የሚጠብቀኝ አንድ ክፍል ቤትና ያ ኒም ዛፍ ነው። ጅቡቲ ደግሞ ባሌ አለ። ከባሌ በላይ ማንን ወድጄ አውቃለሁ?

«በእኔ ስም ሰው ተይዟል በለው» አልኩት።

«ማን ተያዘ?»

«በለው ብቻ። እሱ ይገባዋል።»

በሚመጣው ባቡር ሄድኩ፤ ወደ ድሬ ዳዋ። ግርማን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት ሰናይት ጅቡቲ ሄዳ መቃብሩን አይታ ተመለሰች። ያን ጊዜ አላለቀስኩም። ዕንባዬ በንዴት ደረቀ፤ በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

ከባቡር እንደወረድኩ ቤት ሳልገባ ወደ መስኮቱ ነበር የሄድኩት። አብዶሽ ቀና ብሎ አየኝ፤ ለረዥም ጊዜ አየኝ።

«ምን ወለደች?» አለ።

«ሴት።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ይለፉን ተቀብሎ አስቀመጠው። ስለ ግርማ መልእክት አልነገርኩትም። ውለታ መቁጠር እንዳይመስልብኝ ጠላሁ። ሰው የሚገባውን አድርጎ ዋጋው ይህን ያህል ነው ማለት የለበትም። እሱም ምንም አላለኝም።

ኋላ ወደ ኅብረት ሱቁ አዛወሩት። አዲሱ ባለ መስኮት ወጣት ልጅ ነበር፣ ትሑት፣ ሁሉንም ሙሉ የሚል። ሰልፉ ተመልሶ ረዘመ። ሰው ዛፉ ሥር ቆሞ «አይ አብዶሽ» ይላል። ከዚያ ዘመን በኋላ ለኢድ እኔ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ቤቱ እሄዳለሁ፤ ለፋሲካ እሱ ይመጣል፤ ሥጋውን አይበላም፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጫቱን ይዞ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ድሮ ሰልፍ እንስቃለን። እንዲህ ባለው ከሰዓት ብዙ ጊዜ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። አሁን በረንዳው ላይ ያ ወንበር አለ፤ ማንም ሲቀመጥበት ደስ አይለኝም።

ከፋጡማ ጋር ለቅሶ ሄድን። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱ ሙና እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አርጅታለች፤ ድምጿ ግን አላረጀም።

«አይሻ የሄድሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ።

«እንዴት ይረሳኛል።»

«ብርድ ልብስና ሽርጥ ጠቅልዬ በር አጠገብ አስቀምጬለት ነበር። ሊወስዱት ሲመጡ ባዶ እጁን እንዳይሄድ። በየቀኑ ቢሮ ሲሄድ ዓይኑ እሱ ላይ ያርፋል።»

በለቅሶ ቤት መናደድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናደድኩ። «እንደምመለስ አላመነኝም ነበር ማለት ነው? ሙና፣ ግርማ ጠርቶኝ ነበር። ሰው ልኮብኝ ነበር። ለአብዶሽ ዋስነት ብዬ ነው ትቼው የመጣሁት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ አወጣው። ሙና አልደነገጠችም። እጄን አልለቀቀችም።

«አውቃለሁ» አለች። «የፈረመ ቀን ቤት መጥቶ ‹ባሏ ይጠራታል፤ እኔም ብሆን እጠራ ነበር› አለኝ። ታዲያ ለምን ፈረምክ፣ ልጆች አሉን ብዬ ጮኽኩበት። ‹ብትሄድም ወደ ባሏ ነው የምትሄደው፤ አልፈርድባትም› አለ። ጥቅሉን አዘጋጂልኝ ያለኝ ራሱ ነው።»

«ለምን አልነገረኝም?» አልኳት። «በዚህ ሁሉ ዓመት?»

«ተመልሰሽ መጣሽ» አለች ሙና። «ከመጣሽ በኋላ ምን ብሎ ይንገርሽ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ከዚያ ያለሁበትን ረሳሁ፤ በእኛ አገር እንደሚለቀሰው ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። የተቀመጡት ሴቶች ዞሩ። ፋጡማ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ቀስ በይ ብርቄ፣ እዚህ ቤት ድምፅ አይወጣም» አለችኝ።

«ተያት» አለች ሙና። «ታልቅስ። የእሷ ለቅሶ የሁለት ሰው ነው።»